የአሻንጉሊት ጠመንጃው ሞላ ታሪክ

ሞላ የሚለውን ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሶፋው ሞላ፣ የበሩ ሞላ፣ የእስክሪብቶው ሞላ፣ የመኪናው ሞላ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ቃሉ ጣልያንኛ ነው፤ ከካቻቢቴና ከፒንሳ፣ ከኩሽኔታና ከብሎን ጋር ተያይዞ በጋራዥ በር የገባ ነው። የከባድ መኪናው የተነባበረ ሞላ ደግሞ ባሌስትራ ይባላል። ባሌስትራ በጣልያንኛ በጥንት ዘመን ቀስት ይወረወርበት የነበረ የጦር መሣሪያ ስም መሆኑን ግን በየቀኑ ከሥሩ ተኝተው ከሚጠግኑት መካኒኮች ብዙዎቹ ልብ ያሉት አይመስልም። ነገሩ አንድ ነው። ብረት ሲታጠፍ ወይም ሲጨመቅ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ሲለቀቅ ያንኑ ጉልበት መልሶ ይሰጣል። ያ ጉልበት የተጫነ መኪና ተሸክሞ ጉድጓድ ያሻግራል፤ ቀስትም ይወረውራል። ሞላና መሣሪያ የቆየ ዝምድና አላቸው።

እዚህ የሚተረከው የአንዲት ትንሽ ሞላ ታሪክ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በለንደንና በፍራንክፈርት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች አንዳንድ ጊዜ በልጃቸው አልጋ ሥር አንድ ነገር ያገኛሉ። መልኩ ክላሽንኮቭ ወይም ኤም-16 ነው፤ የሚተኩሰው ግን 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ክብ የፕላስቲክ ፍሬ ነው። ኤርሶፍት ይባላል። ጠመንጃ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ ያየ ወላጅ ወይ ክፉኛ ይደነግጣል፤ ወይ ደግሞ «አሻንጉሊት ነው» ብሎ ስቆ ያልፈዋል። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። በብዙ አገር ሕግ አሻንጉሊትንና መሣሪያን የሚለየው ድንበር የተሰመረው እዚያው ዕቃ ሆድ ውስጥ ባለች፣ አንድ ስንዝር በማትሞላ ጥቅል ሽቦ ላይ ነውና። ሽቦዋን በሌላ መለወጥ ድንበሩን መሻገር ሊሆን ይችላል። ይህንንም አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከእራት በኋላ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊያደርገው ይችላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሞላን ሕግ በግልጽ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። ሰውየው ተጠራጣሪ ነበረና በ1676 ግኝቱን ሌላ እንዳይነጥቀው የላቲኑን ዐረፍተ ነገር ፊደላት ለይቶ በተራ ደርድሮ እንደ እንቆቅልሽ አሳተመው፤ ፍቺውን የገለጠው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1678 ነው። የቅኔ ሊቅ ቢያየው ሰሙንም ወርቁንም ደብቆ ሄደ ባለው ነበር። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሞላ በተጨመቀ መጠን ይገፋል፤ ሁለት እጥፍ ሲጨመቅ ሁለት እጥፍ ይገፋል። ሆኖም በውስጡ የሚጠራቀመው ጉልበት በሁለት እጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ነው የሚያድገው። በአሻንጉሊት ጠመንጃ ላይ የሚደርሰው አደጋ ሁሉ ከዚህች ስሌት የሚመነጭ ነው ማለት ይቻላል።

ሞላን ለልጆች ጠመንጃ ያደረገው ደግሞ ጦርነት ሳይሆን እርሻ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ፕሊማውዝ በምትባል ከተማ፣ በነፋስ እየተሽከረከረ ውሃ የሚስብ የብረት መዘውር የሚሠራ ኩባንያ ነበር። በ1888 መዘውሩን ለሚገዛ ገበሬ ሁሉ ምርቃት ይሆን ዘንድ በሞላ የሚሠራ ትንሽ የአየር ጠመንጃ መስጠት ጀመረ። ገበሬዎቹ መዘውሩን ትተው ምርቃቱን መጠየቅ ስለጀመሩ በ1895 ኩባንያው ስሙን ዴዚ ብሎ ሙሉ በሙሉ ወደ ጠመንጃው ዞረ። አሠራሩ ዛሬም ያው ነው፤ ሞላው ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ አየር ያምቃል፣ የታመቀው አየር ፍሬውን ያወጣል። የዴዚ ፍሬ ግን ብረት ነው። ኤርሶፍት የዚህ የአሜሪካ ጠመንጃ የልጅ ልጅ ሲሆን፣ ተወልዶ ያደገው ግን ጃፓን ነው።

ጠመንጃ የተከለከለ ሕዝብ

ጃፓን በ1945 ተሸንፋ ትጥቋን ከፈታች በኋላ ተራው ዜጋ ጠመንጃ እንዳይዝ የሚከለክለው ሕግ እየጠበቀ ሄደ። ዋነኛው በ1958 የወጣው የጠመንጃና የሰይፍ መቆጣጠሪያ ሕግ ነው። የተከለከለ ነገር ይናፍቃልና በ1960ዎቹ የአሜሪካ የካውቦይ ፊልሞች ጃፓንን ባጥለቀለቁበት ዘመን ከእውነተኛው የማይለዩ፣ ግን የማይተኩሱ የብረት ሽጉጦች ገበያውን ሞሉት። ሞዴል ጠመንጃ ይባሉ ነበር። ሰብሳቢዎቹ ፈትተው መልሰው የሚገጥሙ፣ ስለ እያንዳንዱ ብሎን የሚከራከሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ የመፍታትና የመግጠም ፍቅር በኋላ የመጣውን ሁሉ ቀርጾታል።

መጋቢት 31 ቀን 1970 የቀይ ጦር አባላት የሆኑ ወጣቶች ከቶኪዮ ወደ ፉኩኦካ ይበር የነበረውን ዮዶ የተባለ የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 727 ጠልፈው በመጨረሻ ሰሜን ኮሪያ አሳረፉት። ሰይፍና ሽጉጥ ይዘው ነበር። በኋላ ሲጣራ መሣሪያዎቹ አሻንጉሊት ሆነው ተገኙ። በዓመቱ፣ በ1971፣ ሕጉ ተሻሻለና የብረት ሞዴል ሽጉጥ ሁሉ አፈሙዙ እንዲደፈን፣ መልኩም ነጭ ወይም ቢጫ እንዲሆን ታዘዘ። በ1977 ደግሞ እንደገና ጠበቀ። የአሻንጉሊት ሽጉጥን ቀለም በሕግ መወሰን የአሜሪካ ፈጠራ ለሚመስለው ሰው፣ ጃፓን በአሥራ ሰባት ዓመት እንደቀደመች ማስታወስ ይገባል።

ሕግ በአንድ በኩል ሲዘጋ ነጋዴ በሌላ በኩል በር ይፈልጋል። የታዘዘው የብረቱ ነው፤ ፕላስቲክ አልተነካም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ወደ ፕላስቲክ ዞሩ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያም የፕላስቲክ ፍሬ በቀስታ የሚተኩሱ፣ ሞላቸው በእጅ የሚወጠር ጠመንጃዎች ብቅ አሉ። ወጣቶች በየጫካው በቡድን ተከፍለው መጫወት ጀመሩ። በእጅ መወጠሩ ሲያታክታቸው ጋዝ መጣ፤ ተጫዋቹ የጋዝ ጠርሙስ በጀርባው አዝሎ በቱቦ ከጠመንጃው ጋር እየተያያዘ ይሮጥ ነበር። ብርድ ሲሆን ጋዙ ይደክማል፤ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ከልክ በላይ ይበረታል።

መፍትሔው በ1991 መጣ። ዓመቱን ኢትዮጵያውያን በሌላ ምክንያት ያስታውሱታል፤ በዚያው ግንቦት አዲስ አበባ የእውነተኛ ክላሽ ተኩስ እየሰማች መንግሥት ትለውጥ ነበር። ቶኪዮ ላይ በ1965 የተቋቋመው የአሻንጉሊት ኩባንያ ቶኪዮ ማሩዪ ደግሞ ፋማስ የተባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ አስመስሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመጀመሪያውን ኤርሶፍት አወጣ። ኩባንያው በሬዲዮ የሚነዱ የልጆች መኪናዎችን ይሠራ ስለነበር አነስተኛ ሞተርና ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ ለእርሱ አዲስ አልነበሩም። አዲሱ ነገር ሞተሩ ጎማ ማሽከርከሩን ትቶ ሞላ እንዲወጥር መደረጉ ነው።

የሳጥኑ ውስጥ

ጠመንጃው ሲከፈት የሚገኘው አንድ የማርሽ ሳጥን ነው። ቃታው ሲሳብ ሞተሩ ሦስት ማርሾችን ተራ በተራ ያዞራል። የመጨረሻው ማርሽ ጥርሱ በዙሪያው ሁሉ ያለ አይደለም፤ ግማሽ ጎኑ መላጣ ነው። ጥርስ ያለው ጎኑ ከፒስተኑ ሆድ ሥር ያሉትን ጥርሶች ነክሶ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ከፒስተኑ ጀርባ ያለው ሞላም ይጨመቃል። መላጣው ጎን ሲደርስ የሚይዘው የለምና ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ያስፈነጥረዋል፤ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ያምቃል፤ አየሩም ፍሬዋን ያወጣታል። ይህ ሁሉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ባትሪው ፍሬዋን አይገፋም፤ ሞተሩም አይገፋም። እነርሱ ወጣሪዎች ናቸው። የሚተኩሰው ሞላው ብቻ ነው።

ይህ እንደታወቀ ሞላ መለወጥ የተጫዋቾች ሁሉ ልማድ ሆነ። በገበያው ላይ ሞላዎቹ በኤም ፊደልና በቁጥር ይጠራሉ፤ ኤም 90፣ ኤም 100፣ ኤም 120 እየተባለ። ቁጥሩ በግምት የሚናገረው 0.20 ግራም የምትመዝን ፍሬ በሴኮንድ ስንት ሜትር እንደምትሄድ ነው። እርሳስ ይዞ ማስላት ይቻላል። ኤም 100 በ100 ሜትር ፍጥነት ልክ 1 ጁል ይሆናል። ኤም 90 ደግሞ 0.81 ጁል ነው፤ ኤም 120 ግን 1.44 ጁል። ቁጥሩ በ20 ከመቶ ሲያድግ ጉልበቱ በ44 ከመቶ ያድጋል ማለት ነው። ኤም 150 ላይ ሲደርስ 2.25 ጁል፣ ማለትም ከኤም 100 በእጥፍ የሚበልጥ ይሆናል። ሱቁ ውስጥ ሲታዩ ግን ሞላዎቹ እንደ መንትዮች ይመሳሰላሉ፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው የሽቦው ውፍረት በዓይን የሚያዝ አይደለም።

ትክክለኛ አገጣጠሙ የተጻፈው በተሰበሩ ማርሾችና በተጎዱ ጣቶች ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት የተገኘው ሳጥኑን በግዴለሽነት ከከፈቱ ሰዎች ነው። ጠመንጃው ተኩሶ ሲቆም ፒስተኑ አንዳንድ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ማርሾቹ ወደ ኋላ እንዳይዞሩ የምትይዝ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ ስላለች ሞላው እንደተጨመቀ ያድራል። ይህን ሳያውቅ ሳጥኑን የሚፈታ ሰው ሞላውንና በውስጡ የሚያልፈውን መሪ ዘንግ ፊቱ ላይ ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ባትሪው ይነቀላል፤ ካዝናው ይወጣል፤ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ ሞተሩ ወጥቶ ምላሷ በቀጭን ካቻቢቴ ተገፍታ ሞላው እንዲፈታ ይደረጋል። ያኔም ቢሆን ሞላው ጨርሶ አይላላም፤ በቦታው ሲቀመጥ በመጠኑ ተጨምቆ ነውና ክዳኑ ሲነሳ መሪ ዘንጉ በጣት ተይዞ መሆን አለበት። የዓይን መነጽር ማድረግ ለጫካው ብቻ ሳይሆን ለጠረጴዛውም ነው።

ሁለተኛው ነገር አቅጣጫ ነው፤ ጠጋኞችን ብዙ ያከራከረውም ይኸው ነው። አንዳንዱ ሞላ ጥቅልሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ተራርቋል፤ እርሱን በየትኛውም በኩል ቢያስገቡት ለውጥ የለውም። ሌላው ግን በአንድ ጫፉ ጥቅልሉ የተጠጋጋ፣ በሌላው የተራራቀ ነው። ብዙዎቹ ጠጋኞች የተጠጋጋውን ጫፍ ወደ ኋላ፣ ወደ መሪ ዘንጉ ሥር ያደርጉታል። ምክንያታቸው የተጠጋጋው ክፍል ብዙ ሽቦ ስላለው ይከብዳል፤ ከኋላ ቢቀመጥ ግን ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ፒስተኑ ይዞት የሚሮጠው ክብደት ይቀንሳል የሚል ነው። በተቃራኒው የሚገጥሙም አሉ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ምክንያት የሚመጣው የጉልበት ልዩነት ክርክሩን ያህል ትልቅ አይደለም። ከአቅጣጫው ይልቅ ብዙ ጠመንጃ የበላው ሌላ ነገር ነው።

ይኸውም ሞላው በመሪ ዘንጉ ላይ በትክክል አለመቀመጡ ነው። የሞላው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ በዘንጉ መሠረት ላይ ሙሉ በሙሉ ማረፍ አለበት፤ ተንጋዶ ከተቀመጠ ሲጨመቅ ይጎብጣል፣ ዘንጉን ይፍቃል፣ ጉልበቱም ይባክናል። በተጨማሪ ማንኛውም ጥቅል ሞላ ሲጨመቅ በራሱ ዙሪያ በትንሹ ይዞራል። የሚያዞረው ካጣ ፒስተኑን ሊያጣምመው ይሞክራል፤ ለዚህ ነው ጥሩ መሪ ዘንጎች ሥራቸው ላይ ትንሽ ኩሽኔታ ወይም ለስላሳ ሮንዴላ የሚገጠምላቸው። ግራሶ ይቀባል፤ ግን በስሱ። ክዳኑ ሲዘጋ ደግሞ ሞላው ከሁለቱ ግማሾች መሀል እንዳልተቆነጠጠ መታየት አለበት። ብሎኖቹን በጉልበት ማጥበቅ ያልገጠመን ነገር እንዲገጥም አያደርገውም፤ ቮልስዋገን የፈታ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሦስተኛውና ከባዱ መመጣጠን ነው። ኤም 90 ለመሸከም በተሠራ ሳጥን ውስጥ ኤም 130 የሚከት ሰው በሚኒባስ ሞተር ተሳቢ ለመጎተት እንደሚሞክር ሾፌር ነው። ሞተሩ ያቃስታል፤ ባትሪው ይግላል፤ ሽቦው ይሞቃል፤ የፕላስቲክ ፒስተን ጥርሶች ይረግፋሉ፤ የሳጥኑ የፊት ግድግዳም በምቱ ብዛት ይሰነጠቃል። በተቃራኒውም ጥፋት አለ። ሞተሩና ባትሪው ኃይለኛ ሆነው ሞላው ደካማ ሲሆን፣ ፒስተኑ ወደ ፊት ሄዶ ሳይጨርስ ማርሹ ዞሮ ይደርስበታል፤ መንገድ ላይ ሲጋጩም ጥርስ ከጥርስ ይላቀቃል። ስለዚህ በዚህ ሙያ የበሰሉት ሰዎች ሞላ ከመግዛታቸው በፊት የሳጥኑን አቅም ይጠይቃሉ፤ ከገጠሙ በኋላም ፍሬዋን በፍጥነት መለኪያ ፊት ይተኩሳሉ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ግምት ነው፤ የአየር መፍሰስ፣ የሲሊንደሩ ስፋትና የአፈሙዙ ርዝመት ሁሉ ይለውጡታል። ማታ ጠመንጃው ሲቀመጥም በነጠላ ምት ጥቂት ጊዜ ባዶውን ተኩሶ ሞላውን ፈትቶ ማሳደር ልማዳቸው ነው። እንደተወጠረ የከረመ ሞላ ይደክማል።

ሕግ ሞላን ሲለካ

ሞላ የማበርታቱ ውድድር በጃፓን ራሱን በላ። የሠሪዎቹ ማኅበራት ከ1 ጁል በታች የሚል የራሳቸው ወሰን ነበራቸው፤ ሕግ ስላልነበረ ግን ማኅበሩ ውስጥ ያልነበረ ሁሉ የፈለገውን ይሸጥ ነበር። በ2005 በአውራ ጎዳና ላይ በሚሄዱ መኪናዎች ላይ ጉልበታቸው በተጨመረ የአሻንጉሊት ጠመንጃዎች እየተተኮሰ መስታወት ተሰበረ፤ አገር ተሸበረ። በዓመቱ፣ በ2006፣ ፓርላማው ሕጉን አሻሽሎ ለ6 ሚሊሜትር ፍሬ ወሰኑ በግምት 0.98 ጁል እንዲሆን ደነገገ። ከዚያ በላይ ያለው መሣሪያ ተባለ። ባለቤቶች እንዲያስረክቡ ወይም ሞላውን አውጥተው ዝቅ እንዲያደርጉ የስድስት ወር ጊዜ ተሰጣቸው። 0.98 ጁል ማለት ለ0.20 ግራም ፍሬ በሴኮንድ 99 ሜትር ነው፤ ኤም 100 ከበሩ ደፍ በአንዲት ሜትር አልፎ ወድቋል። በማግስቱ በየቤቱ የተቀመጠው ያው ጠመንጃ፣ ያው ፕላስቲክ፣ ያው ቀለም ነበር፤ በውስጡ ባለው ሽቦ ምክንያት ብቻ አንዱ ቤት አሻንጉሊት፣ ሌላው ቤት ወንጀል ሆነ።

አውሮፓም የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይለያያል። ጀርመን በ2008 ለአሻንጉሊት የሚፈቀደውን 0.5 ጁል አደረገች፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ላለ ሰው ነው፤ በዚህ ጉልበት በተከታታይ የሚተኩሰው ግን ጨርሶ ተከለከለ። እውነተኛ ጠመንጃ የሚመስል ነገር በአደባባይ ይዞ መታየትም በዚያው ዓመት ተከለከለ። እንግሊዝ በ2006 ባወጣችውና በ2007 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ በሚታወቅ ጨዋታ ላይ መሳተፉን ለማያስረዳ ሰው እውነተኛ የሚመስለው እንዳይሸጥ፣ ደማቅ ቀለም የተቀባው ብቻ እንዲሸጥ አደረገች፤ ለ18 ዓመት ያልሞላውም እንዳይገዛ ከለከለች። በ2017 ደግሞ ወሰኑ በተከታታይ ለሚተኩስ 1.3፣ አንድ በአንድ ለሚተኩስ 2.5 ጁል እንዲሆን ተወሰነ። ይህን ያለፈ ኤርሶፍት የአሻንጉሊቶቹን ከለላ ያጣል፤ እንደ ጠመንጃ ሊታይና ባለቤቱን ለከባድ እስራት ሊዳርግ ይችላል። ለንደን ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ከጓደኛው ተውሶ የገጠመው ሞላ ስንት ጁል እንደሚያወጣ ካልለካ፣ እጁ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ እርሱም አያውቅም፤ ወላጆቹማ ከየት ያውቃሉ።

አሜሪካ ግን ሞላ አትለካም። የፌዴራሉ ሕግ የሚለካው ቀለም ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው፤ በ1987 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ አንድ ሰው የቴሌቪዥን ጣቢያ ስቱዲዮ ገብቶ በቀጥታ ስርጭት ላይ በነበረው ዴቪድ ሆሮዊትዝ ላይ ሽጉጥ ደግኖ ጽሑፍ አስነበበው፤ ሽጉጡ አሻንጉሊት ነበር። በ1988 ኮንግረስ የኢነርጂ አስተዳደርን ለማሻሻል ባወጣው ሕግ ውስጥ ስለ አሻንጉሊት ጠመንጃ አንድ ክፍል ሸጎጠበት፤ የኢነርጂ ሕግ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ካለ የዋሽንግተንን አሠራር ያልለመደ ነው። ከ1989 ጀምሮ አሻንጉሊት ጠመንጃ ሲመረት፣ ሲገባና ሲሸጥ አፈሙዙ ደማቅ ብርቱካንማ እንዲሆን ታዘዘ፤ ኤርሶፍትም በስሙ ተጠቅሶ ገባበት። ስለ ጁል አንድም ቃል የለም። ብርቱካንማዋ ጫፍም ብዙ ጊዜ በቀላሉ የምትወልቅ የፕላስቲክ ቁራጭ ናት።

እዚህ ላይ የሞላው ታሪክ ከሌላ ታሪክ ጋር ይገናኛል። የጃፓንና የአውሮፓ ሕግ «ይህ ነገር ምን ያህል ይመታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም በመለኪያ ይገኛል። የአሜሪካ ፖሊስ ግን ከሩቅ ሆኖ የሚያየው ቅርጹን ነው፤ ኤም 90 ይሁን ኤም 150 የሚያውቅበት መንገድ የለውም። 0.81 ጁል የሚያወጣ፣ ቆዳ ላይ ከቀይ ምልክት የማያልፍ ዕቃ የያዘ ልጅ ለፖሊሱ መሣሪያ የያዘ ሰው ነው። በተለይም ልጁ ጥቁር ከሆነ ወይም ከላቲን አሜሪካ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ከሆነ።

በጥቅምት 2013 በካሊፎርኒያ ሳንታ ሮዛ ከተማ አንዲ ሎፔዝ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ክላሽ የሚመስል ኤርሶፍት ይዞ በመንገድ ሲሄድ በፖሊስ ተተኩሶበት ሞተ። ብርቱካንማው ጫፍ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ካሊፎርኒያ ሕግ አወጣች፤ ከ2016 መግቢያ ጀምሮ ጫፉ ብቻ ሳይሆን የኤርሶፍቱ የምላጭ ከለላና ሌላውም አካል በደማቅ ቀለም እንዲታይ ደነገገች። ኒው ዮርክ ከተማ ከዚያ በፊትም ጥቁርና ብርማ መልክ ያለውን የአሻንጉሊት ጠመንጃ ትከለክል ነበር። በሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን ያለው የ1988ቱ ሕግ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚያስረው አምራቹንና ነጋዴውን እንጂ ከገዛ በኋላ ቤቱ የሚፈታውን ልጅ አይደለም።

ኅዳር 22 ቀን 2014 በኦሃዮ ክሊቭላንድ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ በአንድ መናፈሻ ውስጥ ኮልት የሚመስል ኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ይጫወት ነበር። ያየው ሰው ለፖሊስ ስልክ ደውሎ ሽጉጡ የውሸት ሊሆን እንደሚችል፣ ሰውየውም ልጅ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ ቃሉ ግን ወደ ቦታው ለተላኩት ፖሊሶች አልደረሰም። መኪናዋ አጠገቡ ደርሳ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ተተኮሰበት። በማግስቱ ሞተ። በታኅሣሥ 2015 መርማሪው ሸንጎ ማንንም አልከስም አለ፤ በ2016 ከተማው ለቤተሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በ2015 ይፋ የወጣው የምርመራ ሰነድ ሽጉጡ የልጁ እንዳልነበረ ያሳያል፤ ከጓደኛው የተዋሰው ነበር። ጓደኛው ሽጉጡ ሲበላሽበት ፈትቶ ጠግኖታል። መልሶ ሲገጥመው ግን ብርቱካንማዋ ጫፍ አልገባ አለችው።